እንሰትዎን በእሳት ያድኑ

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በትምህርት ቤታችን በሥዕል የሚያህለኝ ተማሪ አልነበረም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ጥፋቱ የጀመረው ከዚያ ስለሆነ ነው። ለአብዮት በዓል ክፍሎች ሲያጌጡ የእነዚያን ጺማም የማርክሲዝም አባቶች መልክ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የምሥለው እኔ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ዳይሬክተሩ በመስኮት አይተው «ይቺ ልጅ እጇ የተባረከ ነው» አሉና ወዲያው ደንገጥ ብለው «ማለቴ፣ ጎበዝ ናት» ብለው አረሙት። ዘመኑ መባረክ በአደባባይ የሚነገርበት አልነበረም። የእኛ ቤተሰብ የሚጸልይበት ቤትም ተዘግቶ የማዳበሪያ መጋዘን ሆኖ ነበር።

ቤታችን ከሆመቾ ወጣ ብሎ ነው። ትምህርት ቤቱ ሆሳዕና ስለነበረ አጎቴ ቤት ሆኜ እማራለሁ፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በጭነት መኪና ተሳፍሬ ወደ ቤት እሄዳለሁ፤ እሑድ የሁለት ሳምንት ቆጮዬን ይዤ እመለሳለሁ።

በዚያ ዓመት የእንሰት በሽታ ገብቶ ነበር። በሀዲያም በከምባታም ስለ እሱ የማይወራበት ቤት አልነበረም። መጀመሪያ የመሀሉ ቅጠል ይጠወልጋል፣ ከዚያ ሌሎቹ ተራ በተራ ይከተሉታል፣ ግንዱ ሲቆረጥ መግል የመሰለ ቢጫ ፈሳሽ ይወጣዋል። እንሰት ደግሞ እንደ በቆሎ አይደለም፤ ዘንድሮ ቢጠፋ ለከርሞ ዘርቶ መተካት የለም። ለምግብ እስኪደርስ አምስት ስድስት ዓመት ይፈልጋል። ጓሮዋ የደረቀባት ሴት ያጣችው የዚያን ዓመት ምግብ ብቻ አይደለም።

የእርሻ መምህራችን ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ ወጣት ነበሩ። ቆጮ የቀመሱት እኛ አገር መጥተው ነው፤ እንሰት ሲፋቅ ግን አይተው አያውቁም፣ ያ የሴቶች የጓሮ ሥራ ነው። ስለ በሽታው ያወቁትን ከመንግሥት ጽሑፍ አንብበው በጥሞና አስረዱን። በሽታው ከታመመው እንሰት ወደ ጤነኛው የሚሄደው በቢላ ነው። የታመመውን በቆረጥንበት ቢላ ጤነኛውን ከነካን በሽታውን በእጃችን ተከልነው ማለት ነው። ስለዚህ የታመመው ተነቅሎ ይቀበር፤ ቢላውም ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት በእሳት ይጽዳ።

«ይህንን ለገበሬው በፖስተር ንገሩት» አሉን። «ከሃያ ይያዛል። የበለጠው ደግሞ በየገበሬ ማኅበሩ ይለጠፋል፤ የእርሻ ጣቢያው ሠራተኛ ጠይቆኛል።»

የመጀመሪያ ሥራዬ አራት ሥዕሎች ነበሩት። አንዲት ሴት የታመመ እንሰት ትነቅላለች፤ ጉድጓድ ውስጥ ትቀብረዋለች፤ ቢላዋን በእሳት ላይ ታገላብጣለች፤ ከዚያ ወደ ጤነኛው ትሄዳለች። በየሥዕሉ ሥር አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌያለሁ። መምህራችን ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ ለጠፉና ከክፍሉ ኋላ ሄደው ቆሙ፤ እኔንም ጠሩኝ።

«ከዚህ ሆነሽ ምን ይታይሻል?»

አየሁ። ትንንሽ ነገሮች። ጉንዳን የሚመስሉ ሰዎች።

«ብዙ አይታይም» አልኩ።

«ፖስተር መጽሐፍ አይደለም። ገበሬው አህያውን እየነዳ ሲያልፍ በጨረፍታ ነው የሚያየው። አንድ ነገር፣ ትልቅ ነገር፣ ከሩቅ የሚጣራ ነገር አድርጊው። ቃሉንም አሳጥሪው።»

ዛሬም ቢሆን ልክ ነበሩ እላለሁ። አንድ ነገር አድርጊ አሉኝ እንጂ የትኛውን እንደምመርጥ አልነገሩኝም። የመረጥኩት እኔ ነኝ።

አጎቴ የቀበሌውን መፈክር ከሚጽፈው ሰው ጣሳ ሥር የቀረ ቀይ ቀለም ለመነልኝ። ከላይ እስከ ታች አንድ ትልቅ፣ ለምለም እንሰት ሣልኩ። ከጎኑ ነበልባል፣ ከነበልባሉ ላይ ግሎ የቀላ ቢላ። ቀዩ ከአረንጓዴው አጠገብ ሲያርፍ እኔው ራሴ ሣልኩት ብዬ ማመን እስኪያቅተኝ ድረስ አማረ። የታመመው እንሰት ቀረ፤ ነገር ያበዛል ብዬ ተውኩት። ጉድጓዱ ቀረ። ሴትዮዋም ቀረች። በቢላውና በግንዱ መካከል ባዶ ቦታ ነበር፤ ያ ባዶ ቦታ አስጠላኝና የቢላውን ጫፍ አስረዝሜ ግንዱን እንዲነካ አደረግኩት። ከላይ በትልልቅ ፊደል «እንሰትዎን በእሳት ያድኑ!» ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት «ቢላዎን በእሳት ያጽዱ» የሚል ነበር፤ ግን የቤት ሥራ ትእዛዝ መሰለኝ። ያድኑ የሚለው እንደ መፈክር ያስተጋባል።

ክፍሉ አጨበጨበ። መምህራችን ከኋላ ቆመው ብዙ አዩትና «ይህ ነው ፖስተር» አሉ። ከሃያ ሃያ ሰጡኝ። ዳይሬክተሩም ፈረሙበትና አራት ቅጂ እንድሠራ ታዘዝኩ።

እናቴ የመጣችው አንደኛውን ቅጂ ጨርሼ ሁለተኛውን በጀመርኩበት ቀን ነው። ለሆሳዕና ገበያ ቅቤ ይዛ ስትመጣ አጎቴ ቤት ታርፋለች። እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ ስቀባ ነጠላዋን ሳታወልቅ ከበላዬ ቆመች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ፖስተር ነው። ስለ እንሰቱ በሽታ፤ ገበሬ ማኅበሮች የሚለጠፍ።»

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሥዕሉን ብቻ አየች። ከዚያ በሀዲይኛ «እንሰቱን ነው እንዴ የሚተኩሱት?» አለችኝ።

«ኧረ አይደለም! ቢላውን በእሳት አጽዱ ነው የሚለው።»

«የቱ ጋ ነው የሚለው?»

ጣቴን ጽሑፉ ላይ አድርጌ እያንዳንዱን ቃል ተረጎምኩላት። ተርጉሜ ስጨርስ ለራሴም ጆሮ ሌላ ሆኖ ተሰማኝ።

«እሱማ ተኩሱት ነው የሚለው» አለች። «ጥጃው ሲታመም አባትሽ ብረት አግሎ አልተኮሰውም? እኔንስ ወገቤን ሲያመኝ አልተኮሱኝም? ይህን ያየ ሰው ሌላ ምን ይለዋል?»

ደሜ ፈላ። «መምህሩ ከሃያ ሃያ ነው የሰጡኝ» አልኳት።

«እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብላ ነጠላዋን አውልቃ ወደ ጓዳ ገባች። ክርክር የማትወድ ሴት ናት።

ልክ እንደሆነች ያወቅሁት እዚያው ነው፣ እሷ ጀርባዋን ሳትሰጠኝ። ይህንን ማድበስበስ አልፈልግም። እንሰት በእጄ ፍቄ ያደግኩ፣ የተተኮሰ ጥጃ ያሰርኩ ልጅ ነኝ። መምህራችን ላያውቁ ይችላሉ፤ እኔ ግን ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ አላውቅም ማለት አልችልም። ሁለት ቅጂ ገና አልተጀመረም፤ የያዝኩትም አላለቀም። አንድ ቃል መለወጥ፣ የቢላውን ጫፍ ማሳጠር ይበቃ ነበር። ግን ለዚያ ነገ መምህሬ ፊት ቆሜ «ተሳስቻለሁ» ማለት አለብኝ፤ የተጨበጨበለትና የተፈረመበት ወረቀት ሊቀደድ ነው፤ ከሃያ ሃያውም ምናልባት። ብሩሹን ቀዩ ውስጥ ነክሬ ቀጠልኩ። አራቱንም አንድ ዓይነት አድርጌ ሠራኋቸው፤ የመጨረሻው እንዲያውም ከሁሉም አማረ።

አንደኛው ቅጂ ሆመቾ፣ ገበሬ ማኅበሩ ሱቅ በር ላይ ተለጠፈ። ጨውና ሳሙና የሚገዛ ሁሉ ያየዋል።

ጎረቤታችን ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ዘመድ ባይሆኑም አክስቴ እላቸዋለሁ። ከእኔ በሁለት ዓመት የምታንስ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ ስምንተኛን ስትጨርስ እሷም ሆሳዕና መጥታ ከእኔ ጋር እንድትማር ተወስኖ ነበር። አጎቴም እሺ ብሏል። የእሳቸው ጓሮ በሰፈሩ የሚታወቅ ነው፤ እንሰቱ በመስመር ቆሞ ውስጡ ሲገቡ ይጨልማል። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ ፊደል ካስቆጠርኳቸው ሴቶች አንዷ ነበሩ፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ከሁሉም ይልቅ ከትምህርት የማይቀሩ።

ፖስተሩ ከተለጠፈ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደ ቤት ስሄድ ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሁለት ሴቶች አብረዋቸው ነበሩ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ሸክማቸውን አወረዱ።

«ልጄ! ጽሑፍሽን አነበብኩት! ማንም ሳይረዳኝ!» አሉና በአማርኛ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ በጣታቸው አየር ላይ እየነኩ «እን-ሰ-ት-ዎ-ን በ-እ-ሳ-ት ያ-ድ-ኑ» አሉ። ሁለቱ ሴቶች ሳቁ፤ በአድናቆት ነው የሳቁት። እሳቸው ግን አልሳቁም፣ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ሁለቱ እንሰቶቼ መሀላቸው ጠውልጓል። ሌሎቹ ደህና ናቸው። እግዚአብሔር ሲረዳኝ አንቺን ላከልኝ። ሰኞ ሁሉንም በእሳት አዳርሳቸዋለሁ። ቢላዬንም ሞርጃለሁ።»

ሁሉንም አሉ። ገባኝ። ጤነኞቹንም ሊተኩሱ ነው።

«አክስቴ፣ ቢላውን ካጋሉት በኋላ…» ብዬ ጀመርኩ።

ከሴቶቹ አንዷ ክንዴን ያዘችኝ። «የሣልሽው አንቺ ነሽ? ይቺ ልጅ? ቢላው እኮ የሚያቃጥል ይመስላል! እናትሽ እንዴት የታደለች ናት!» አለች። ሌላዋም መረቀችኝ። ጀምሬው የነበረው ዓረፍተ ነገር አፌ ውስጥ ቀረ። ነገ፣ እሑድ ጠዋት፣ ብቻቸውን ሳገኛቸው እነግራቸዋለሁ አልኩ ለራሴ። በሰው ፊት የእሳቸውን ንባብ ስህተት ማለት ነውር መሰለኝ፤ ቢያንስ ያኔ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነበር። ዋናው ምክንያት ምርቃቱ ስለጣፈጠኝ ነው።

እሑድ መኪናው ከሰዓት ነበር የሚሄደው። ጠዋቱን ሙሉ ጊዜ ነበረኝ። ልብሴን አጠብኩ፣ ጸጉሬን ተሠራሁ፣ ቆጮዬን በኮባ ጠቀለልኩ። የእሳቸው ቤት ከእኛ አጥር ማዶ ነው፤ ድምፃቸውን እሰማለሁ። አልሄድኩም።

ከዚያ ፈተና መጣ፤ መኪናም ጠፋ፤ ሁለት ወር ያህል ቤት ሳልሄድ ቆየሁ። ስሄድ እናቴ ከበራፍ ተቀበለችኝና ሰላምታ ሳትጨርስ «ነይ እስቲ» ብላ በአጥሩ በኩል ወደ ጎረቤታችን ጓሮ ወሰደችኝ።

ሲገቡበት ይጨልም የነበረው ጓሮ ሰማይ ይታይበታል። ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነው ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። በየግንዱ ላይ፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ፣ የመዳፍ ያህል የሚረዝም ቁስል አለ፤ ዳሩ ጠቁሯል፤ ከመሀሉ ቢጫው ይወርዳል። አንድ የተዘለለ እንሰት የለም። ሁሉም ላይ ቁስሉ አንድ ቦታ ነው፤ እኔ የቢላውን ጫፍ ያሳረፍኩበት ቦታ።

ጎረቤታችን ከታመሙት እንሰቶች አጠገብ ተቀምጠው ያልደረሰውን ግንድ ይፍቃሉ፤ ጨርሶ ሳይበሰብስ የሚተርፈውን ለማትረፍ። ሲያዩኝ ለመነሳት ሞከሩ።

«አየሽ ልጄ፣ እጄ አበላሸው» አሉኝ። «ቢላው በደንብ ሳይግል ቀርቶ ይሆናል። ከታመሙት ነበር የጀመርኩት፤ እየዞርኩ ሳለሁ ይበርድብኛል፤ ለእያንዳንዱ እየተመለስኩ ማጋል ነበረብኝ። ሰነፍኩ።»

ተመልሼ ቤት ገባሁና አለቀስኩ። እናቴ ሁሉን የሰማች ያህል ታውቅ ነበር። «ለእኔ ማልቀሱ ምን ያደርግልኛል፤ ሄደሽ ንገሪያቸው» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። አሁንም እዚያው ተቀምጠው ይፍቃሉ፤ ልጃቸው የተፋቀውን ትሰበስባለች። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«አክስቴ፣ ስህተቱ የእርስዎ አይደለም። የሥዕሉ ነው። ቢላው የጋለው ለመጽዳት ነበር፤ ከታመመው ወደ ጤነኛው በሽታውን እንዳይወስድ። መተኮስ አልነበረም።»

እጃቸው ቆመ። «ታዲያ ለምን በእሳት ያድኑ አለ?»

«እኔ ነኝ እንደዚያ የጻፍኩት። ቢላዎን ያጽዱ ማለት ነበረብኝ።»

ልጃቸው እናቷንም እኔንም እያፈራረቀች ታያለች።

«ያን ቀን መንገድ ላይ ስነግርሽ» አሉኝ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «ታውቂ ነበር?»

አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። ወደዚያ ስሄድ ያንን ልናገር ነበር የሄድኩት። ዓይናቸውን ሳይ ግን «አላውቅም ነበር» አልኩ።

ትከሻቸው ረገብ አለ። «ካላወቅሽማ ምን ታደርጊ፤ ልጅ ነሽ። የተማርሽውን ነው የጻፍሽው» አሉና እጃቸውን ጠርገው ራሴን ዳሰሱኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ እጅ የለም። ይቅር ያሉኝ ያላጠፋሁትን ነው፤ ያጠፋሁት እዚያው እንደተቀመጠ ቀረ።

ቤት ስመለስ እናቴ «ምን አሉሽ?» አለችኝ።

«ይቅር አሉኝ።»

«ሁሉን ነግረሻቸው?»

«አዎ።»

እናቴ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም፤ ከዚያም በኋላ አንስታው አታውቅም።

ለመምህሬ ግን እውነቱን ነገርኩ። ለምን ለእሳቸው እንደቀለለኝ አላውቅም፤ ምናልባት እንሰት ስላልነበራቸው ይሆናል። መምህራን ክፍል ብቻቸውን አግኝቼ ጓሮውን እንዳየሁት ነገርኳቸው። ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ።

«ሰው እንደዚያ ሊረዳው እንደሚችል ቀድሞ የነገረሽ ነበር?»

«እናቴ።»

«መቼ?»

«ቅጂዎቹን ስሠራ።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። «እኔ ደግሞ አንድም ገበሬ ሳላሳይ ለጥፉ አልኩ» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ቀና ብለው «ውጤትሽን አልነካም። ግን ቅዳሜ አብረን ሄደን እናነሳቸዋለን» አሉኝ።

ሄድን። በእርሻ ጣቢያው መኪና ከአራቱም ቦታ በየተራ አነሳናቸው። ሆመቾ ሱቅ በር ላይ ያለውን የላጥኩት እኔ ነኝ፤ ዝናብ ሳይነካው ቀለሙ እንደ መጀመሪያው ቀን ነበር። መምህራችን ሱቁ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ለገበያ የመጡ ሴቶችን ሰበሰቡና በእኔ አስተርጓሚነት አዲስ ሥዕል በእርሳስ አሣሉኝ። አንዷ «ቢላው ከእንሰቱ ይራቅ» ትላለች፤ ሌላዋ «የተነቀለው የት ገባ? ጉድጓዱን አሳዪን» ትላለች። የወጣው ሥዕል አላማረም። ሲያዩት ግን ሁሉም እኛ ልንል ያሰብነውን ተናገሩ። በሌሎቹ ሦስት ቦታዎች የተኮሰ ሰው ይኑር አይኑር መምህሬ ጠይቀው ነበር፤ እኔ መልሱን እንዳልሰማ መኪናው ውስጥ ቀረሁ።

ጎረቤታችን የታመመውን ሁሉ ነቅለው ቀበሩ። መሬቱ ማረፍ ስላለበት በዚያው ዓመት መትከል አልቻሉም። ሰፈሩ ችግኝ አዋጣላቸው፤ አባቴም ከእኛ ጓሮ ትልልቅ እንሰት እየቆረጠ እንዲበሉ ይሰጣቸው ነበር። እንዲያም ሆኖ አልበቃም። ልጃቸው ስምንተኛን ጨርሳ ሆሳዕና አልመጣችም። እናቷን ለመርዳት ገበያ ለገበያ በቆሎ እያዞረች መሸጥ ጀመረች፤ በኋላም አግብታ ወደ ሙዱላ ሄደች። አጎቴ ቤት ለእሷ ተብሎ የተዘጋጀው መደብ ላይ ደብተሮቼን አደርግበት ነበር።

እኔ ተምሬ ዱራሜ ቢሮ ገባሁ። ጎረቤታችን አዲሱ እንሰታቸው ደርሶ በልተውታል፤ ይህን አይቻለሁ። በሄድኩ ቁጥር ያቅፉኛል። በሄድኩ ቁጥር ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ሲሞቱ ለቀብር ደረስኩ፤ ሳልነግራቸው።

ልጃቸውን ያገኘኋት ከዓመታት በኋላ ለሥራ ሙዱላ ሄጄ ነው። የገበያ ቀን ነበር፤ እህል ዘርግታ ትሸጣለች። ተቃቅፈን፣ ስለ ልጆቻችን ጠይቀን፣ ጨዋታው ሲያልቅ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ነገርኳት። እናቴ ስለተናገረችው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እሑዱ ጠዋት፣ አላውቅም ነበር ስላልኩት። እሷም ያን ቀን እዚያ ነበረችና ማስረዳት አላስፈለገኝም።

እስክጨርስ ሰማችኝ። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም።

«ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?» አለችኝ። «ለእሷ ነበር መንገር። ጠይቃሽ ነበር እኮ።»

«አዎ» አልኩ።

ገዢ መጣባትና ወደ ሚዛኗ ዞረች። እኔም ጥቂት ቆሜ ወደ መኪናው ሄድኩ።